ከቅጥሩ ውጭ ያልቆመችው ምራት

በአዋላጅ ነርስነት ሥራ የጀመርኩት ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ጤና ጣቢያ ነው። የመጀመሪያው ቀኔ የገበያ ቀን ስለነበር ወረፋው አጥሩ ድረስ ዘልቋል። አዲሱን ጋውኔን ለብሼ፣ መዝገቡንና የደም ግፊት መለኪያውን ተረክቤ፣ ጥያቄውን እያከታተልኩ ከምሳ በፊት ሁሉንም ጨረስኩ። ጎበዝ ነሽ እባላለሁ ስል አለቃዬ ሲስተር ውባለም መዝገቡን ገልጠው አዩና፣

«ሴቶቹ ተቀምጠው ነበር?» አሉኝ።

«አይ፣ ቶሎ ስለምጨርስ ቆመው ነው።»

«ነገ ወንበሩን አስጠጊ። የቆመች ሴት ልትሄድ ነው፤ ምኗን ትነግርሻለች?»

ወንበሩን አስጠጋሁ። መቸኮሉን ግን ቶሎ አልተውኩም።

ጥሩወርቅ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። እስቴ ተወልዳ ስማዳ የተዳረች፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ ናት። ካገባች አራት ዓመቷ ነው፤ አልወለደችም። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ተቀመጠች።

«የወር አበባሽ ይመጣል?» አልኳት።

«ይመጣል» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«ይመጣል» ብዬ ጻፍኩ። እርግዝና መረመርኳት፤ የለም። «ገና ልጅ ነሽ፣ አትጨነቂ» ብዬ ሸኘኋት። አሁን ሳስበው ራሴን ልቆነጥጠው ያምረኛል።

ሰኔ ላይ ከአማቷ ከእመት ዝና ጋር ተመልሳ መጣች። አሮጊቷ ቀድመው ወንበሩን ያዙ።

«ይችን ልጅ አስታርቂኝ» አሉኝ።

«ከማን ጋር?»

«ከራሷ ጋር! መካን ነኝ፣ ልጅዎ ሌላ አግብቶ ይውለድ ብላ ልብሷን ቋጥራለች። እስቴ እናቴ ቤት ልግባ ትላለች። ልጄ ቢሄድ ይሂድ፤ እሷን ግን አልሰጥም!»

ጥሩወርቅ እያለቀሰች ሳቀች። እመት ዝናም ቀጠሉ። «የሚገርመኝ ደግሞ፣ ከጥምቀት ወዲህ እሑድም ሆነ በዓል አንድ ቀን እንኳ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ አላየኋት። ሁሌ አጠገቤ ናት። አረገዘች ብዬ ስንቴ በሆዴ እልል አልኩ!»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። በእኛ አገር ሴት በወር አበባዋ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። እኔ መዝገብ ላይ ያጣሁትን አማቷ በቅዳሴ ሲከታተሉት ኖረዋል።

«መጨረሻ የመጣብሽ መቼ ነው?» አልኳት።

«ኅዳር ላይ። ከዚያ በፊት ደግሞ ክረምት።»

«ይመጣል አልሽኝ እኮ!»

«ይመጣላ! በፈለገው ጊዜ።»

ነጠላዋን ዝቅ አደረገችው። አገጯ ላይ በክር የምትነቅለው ጠጉር ነበር። «ይህንም የኃጢአቴ ምልክት ነው እያልኩ እደብቀው ነበር» አለችኝ። ያኔ እንባዬ መጣ።

ደብረ ታቦር ላክኋት። ደሟ ተመርምሮ፣ አልትራሳውንድ ታይታ ተመለሰች፤ ወረቀቱ «ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም» ይላል። ሁለቱንም አስቀምጬ አስረዳኋቸው። የሆርሞን መዛባት ነው። እንቁላሉ ማደግ ይጀምራል፣ በስሎ ግን በየወሩ አይለቀቅም፤ የወር አበባው የሚዘገየውም፣ የአገጩ ጠጉርም ከዚያ ነው። ብዙ ሴቶች አለባቸው፤ ታክመው የሚወልዱም ብዙ ናቸው።

«ገብሱ በቅሏል፤ ሳይዘረዝር ቆመ በይኛ!» አሉ እመት ዝና። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሌሎች የማስረዳው በእሳቸው ቋንቋ ነው።

ጥሩወርቅ መድኃኒቱን ጀመረች። ቋጠሮዋን ግን አልፈታችም፤ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣ ትጠብቅ ነበር።

አንድ እሑድ ተረኛ ሆኜ ተቀምጬ ሳለሁ እመት ዝና ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እያለከለኩ ገቡ።

«ሲስተር! ውጭ ቆመች!»

«ማን?»

«ጥሩወርቅ ናታ! ዛሬ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ አስቀደሰች። እኔም አብሬያት ቆምኩ።»

ልጅ ወዲያው አልመጣም። ቋጠሮው ግን በዚያው ቀን ተፈታ፤ ጥሩወርቅም እስቴ የምትሄደው ለጥየቃ ብቻ ሆነ።

ለአዳዲሶቹ አዋላጆች የምለው ይህንኑ ነው። «ይመጣል?» ብላችሁ አትለፉ። መጨረሻ የመጣው መቼ ነው፣ ከዚያ በፊትስ መቼ ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑን ጻፉ።