የድንኳኑ ዚፕ

ትናንት ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቴ ለበረሮ ብላ ፍሊት ነፋች። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ሽታው በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ በበሩ ስር ሲገባ ቢላዋውን ጥዬ የሳሎኑን መስኮት ከፈትኩና በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ያ ሽታ ግን ዛሬም ከቤት ያስወጣኛል።

ከበረንዳዬ የሚታየው ሁሉ ኮንዶሚኒየምና ያላለቀ ፎቅ ነው። አሁን ለሚ ኩራ ይባላል። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚህ የጤፍ ማሳ፣ ጥቂት ባሕር ዛፍና ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚሞላው አሮጌ የድንጋይ ካባ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ለልጆች ካምፕ ድንኳኖቿን የተከለችው ካባው አጠገብ ነው። ጉርድ ሾላ ካለው ቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለእናቴ ግን ቆላ የወረድን ያህል ነበር።

እናቴ ቢምቢ ትፈራ ነበር። አትሳቁ። እኔ ሳልወለድ በምዕራብ ቆላ አስተማሪ ሆና ስትሠራ የመጀመሪያ ልጇን ወባ ወስዶባታል። አዲስ አበባ ወባ የለም ቢሏት አትሰማም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቤታችን መስኮቱ ይዘጋል፣ ፍሊት ይነፋል፣ እኛ ውጭ ደረጃው ላይ ተደርድረን እንዘምራለን። ሰዓት አንቆጥርም፤ ልኩ ሦስት መዝሙር ነው። ሦስተኛው ሲያልቅ እናቴ ብቻዋን ትገባለች፣ ጥቂት ትቆያለች፣ ከዚያ ትጠራናለች። ገብታ ምን እንደምታደርግ ጠይቄያት አላውቅም። የሞቱትን ቢምቢዎች የምትጠርግ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቶቻችን ደግሞ የማታ ጸሎት የማይታጎልበት ቤት ነው እያሉ ያመሰግኑን ነበር።

ለካምፑ ስንነሳ ቫዝሊን ቀባችን፣ ካልሲያችንን በሱሪያችን ላይ ሳበች፣ ጠዋት ጠዋት የምንበላው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቋጠረችልን። የካምፑ መሪ ፍሊት ክልክል ነው ብሎ ስለነበር ቆርቆሮውን በፎጣ ጠቅልላ ከቦርሳዬ ሥር ወሸቀችው። ታናሽ እህቴ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከቤት ውጭ አድራ አታውቅም። እናቴ አገጬን ይዛ፣ «የኔ ልጅ፣ እህትሽን የሰጠሁት ለአንቺ ነው። አንዲት ቢምቢ እንዳትነካብኝ» አለችኝ።

ቀኑ ጥሩ ነበር። ሮጥን፣ ዘመርን፣ ነጭ ሽንኩርት ሸተታችሁ ብለው ሳቁብን። ፀሐይ ወደ ከተማው ስታዘቀዝቅ ግን የካባው ውሃ ብርቱካን መሰለና ከላዩ ላይ እንደ ጭስ ያለ ነገር ተነሳ። ቢምቢ ብቻ አልነበረም፤ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ስማቸውን እስከ ዛሬ የማላውቃቸው ጥቋቁር ተናካሾችም ነበሩበት። ጥዝዝታቸው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ ልጆች እጃቸውን እያወናጨፉ ይስቃሉ። እኔ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ወባ የወሰደው ወንድሜ ፎቶ ነው የታየኝ፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ዓይኑ ትልልቅ።

እህቴን ውጭ አቁሜ ድንኳናችን ውስጥ ፍሊቱን ነፋሁ። ቆርቆሮው እስኪቀልለኝ ድረስ ተጫንኩት። ዚፑን ዘጋሁና ደጅ ቆመን መዘመር ጀመርን። የመጀመሪያው መዝሙር ሳያልቅ እህቴ እግሯን በጥፊ መታች። ከዚያ አንገቷን። እሷን ወደ ውስጥ ገፍትሬ ተከትያት ገባሁና ዚፑን እስከ ታች ሳብኩት። ጥግ ላይ የቀረችውን ቀዳዳ በካልሲ ወተፍኳት።

«እታለም፣ ዓይኔን አቃጠለኝ።»

«ጨፍኚው።»

አሳላት። «ክፈቺልኝ።»

«ትንሽ ታገሺ፤ አሁን ይሞታሉ።»

የዚፑን ጫፍ በጡጫዬ ጨብጬ ነበር። የእኔም ጉሮሮ ተዘግቷል። እነዚያ ነገሮች ከውጭ ሸራውን እንደ ካፊያ ጠብ ጠብ ያደርጉታል። የእህቴ ትንፋሽ ደግሞ ያፏጫል። ሁለቱንም እሰማለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት የውጩን ነው። አንዴ እንደገና «ክፈቺልኝ» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ። ከዚያ ዝም አለች፤ ሳሉም ቆመ። እጄ ግን ያው ዚፑ ላይ ነው።

የካምፑ መሪ ለእራት ዳቦ እየቆረሰ ነበር። ሳሉን ሰምቶ መጥቶ ተጣራ፤ መልስ ሲያጣ ድንኳኑን በያዘው የዳቦ ቢላዋ ከላይ እስከ ታች ተረተረው። ብርሃንና ብርድ አብረው ገቡ። የእህቴ ከንፈር ጠቁሯል። በቤተ ክርስቲያኗ ፒካፕ ከጎኑ አጋድሞ ጉርድ ሾላ ወዳለ ክሊኒክ ሲያበርራት ከኋላ ተቀምጬ ጫማዋን ይዤ ነበር። መቼ እንደወለቀ እንጃ።

እናቴ በቤት ነጠላ ጫማ ሮጣ መጣች። መጀመሪያ ያየችው ኦክስጅኑን አይደለም፤ የእህቴን ክንድ፣ አንገት፣ ቁርጭምጭሚት ገልጣ ንክሻ ፈለገች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ነበረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ሆነ?»

«ፍሊት ነፍቼ... ዚፑ እምቢ አለኝ» አልኳት።

«ገብተሽ ሳታናፍሺው?»

ለካ ብቻዋን ገብታ ስታደርግ የኖረችው መስኮት መክፈት ነበር። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያላሳየኋት» እያለች አለቀሰች። እጄን ስትይዝ መዳፌ በጥፍሬ ተበስቶ ደም አየችበት። ዚፑን ልከፍት ስታገል የቆሰልኩ መሰላት። ሳመችው። እኔም መዳፌን አልሰበሰብኩም።

እህቴ በሁለተኛው ቀን ተነስታ ሻይ ጠየቀች። እናቴም ያንን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ታወራ ነበር፤ «ይቺ ልጄ መዳፏ እስኪደማ ታግላላታለች» እያለች። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። እውነቱን አልነገርኳትም።

ዛሬ ከሰዓት እህቴ መጣች። አሁን ረጅም ሴት ናት፤ የትም ቤት ስትገባ መጀመሪያ መስኮት ነው የምትከፍተው። የትናንቱ ሽታ ከመጋረጃው አልለቀቀም ነበር፤ አሸተተችና አየችኝ። ሻዩን መቅዳት ጀመርኩ።

«እታለም፣ ዚፑ እኮ ደህና ነበር» አለችኝ። «እጅሽን እያየሁት ነበር።»

የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ።

«ፈርቼ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ስኳሯን አማሰለች። «እኔ ግን አልፈራሁም ነበር። ትከፍቺልኛለሽ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር።»

ከካባው የተረፈችው ረግረግ ከሕንፃዎቹ ጀርባ አሁንም አለች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቢምቢው ከዚያ ይነሳል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ተዘግቶ ነበር። ተነስቼ ከፈትኩት።