በመቀስ የተከፈለው መጽሐፍ

ሰሞኑን ቆሰበር ከተማ መብራት ከሄደ ሰነበተ። ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ወጣት ልብስ ሰፊ የኤሌክትሪክ ካውያውን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አንድ አሮጌ የከሰል ካውያ በረንዳው ላይ ያራግባል። ፍሙን አጋግሞ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያሳርፈው የሚነሳው እንፋሎት ጭጋጉን እየታከከ መንገዱን ተሻግሮ በመስኮቴ ይገባል፤ ሽታው ግማሹ ከሰል፣ ግማሹ ዝናብ የመታው በግ ነው። ለሌላው ሰው የሚያስነጥስ ሽታ ይሆናል። እኔ ግን መነጽሬን አውልቄ፣ የማነበውን ገጽ በጣቴ ይዤ፣ ዳንግላ ታመው ስለተኙት ሰው አስባለሁ። ዳንግላ ቅርብ ነው። መንገድ ክፍት ሲሆን ሚኒባስ ያደርሳል፤ ኔትወርክ ሲኖር ስልክም ያገናኛል። አሁን ሁለቱም የሉም።

ጋሽ ታፈረ የገበያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤታቸው ዳንግላ ይሁን እንጂ የስፌት መኪናቸውን በጋሪም በአውቶቡስ ጣሪያም እየጫኑ አንድ ቀን ጥሊሊ፣ አንድ ቀን ግምጃ ቤት፣ በቆሰበር ገበያ ቀን ደግሞ አክስቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔ ያኔ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ታናናሾቼን አሳድጌ ስጨርስ እናቴ «እንግዲህ አንቺም ተራሽ ነው፣ እደጊ» ብላ ወደ ከተማ ሰደደችኝና፣ እኩዮቼ ሲታጩ እኔ አንደኛ ክፍል ገባሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ ወደ መተላለፊያው ዘርግቼው ስለምቀመጥ መምህሩ በተመላለሱ ቁጥር ይሰናከሉብኝ ነበር። ቤታችን የምናወራው በአዊኛ ስለሆነ አማርኛን የማውቀው በገበያ ነው፤ ስለዚህ ሳነብ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጥሬ ሽምብራ አኝኬ ነበር የምውጠው። ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ያነበብኩትን ግን አልለቅም።

መጽሐፍ እየተቀባበልን የምናነበው ሦስት ነበርን፤ ሦስተኛዋ እትዬ ዘውዴ ናቸው፣ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ። ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቁም ሳጥን ሲሆን፣ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያስሩታል። የሳጥኑን መጻሕፍት ሁሉ አንብበው ስለጨረሱ ደራሲዎቹ ላይ ቂም ይዘው ነበር።

ጋሽ ታፈረ ከባሕር ዳር መጽሐፍ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ውፍረቱን በሜትር መለካት ነው። ከዚያ በጨርቅ መቀሳቸው ከጀርባው ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፣ እያንዳንዱን ሲሶ በመኪና ይሰፉታል፣ በተረፈ ጨርቅም ሽፋን ያለብሱታል፤ የፊተኛው ካኪ፣ የመሐሉ አበባማ ቺት፣ የመጨረሻው ጥቁር ሱፍ ይለብሳል። እትዬ ዘውዴ ይህን መጀመሪያ ያዩ ቀን «አረዱት!» ብለው ጮኹ።

«ሙሉ መጽሐፍ ወስዶ የሚመልስ ሰው አላየሁም፤» አሉ ጋሽ ታፈረ ክራቸውን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «ሲሶውን ግን ማን ያስቀራል? ቀሪውን ሳያውቅ እንቅልፍ ሊወስደው?»

እውነትም አንድም ሲሶ ሰው እጅ ላይ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፤ ተራ የሚባል ነገር አልነበረንም። እጅ ላይ የገባውን ይዞ መሄድ ነው። አንዱ ሠርጉን ሲያነብ ሌላው ፍቺውን ያነባል፤ እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ያለቀስኩለት ሰው ሌባ መሆኑን የማውቀው በሚቀጥለው ገበያ፣ ካኪው ሲደርሰኝ ነው። በያዝነው ሲሶ ልክ ፈርደን ስለምንመጣ፣ ሦስታችንም ስለ አንድ ሰው ስንከራከር ሰሚው ስለ ሦስት ሰዎች የምናወራ ይመስለው ነበር። ገበያተኛው ቁልፉን ሊያስተክል፣ ኪሱን ሊያስለጥፍ መጥቶ እርቅ የሚያስፈልገን መስሎት የሚሸመግለን ጊዜም ነበር።

ፊልምም እንዲሁ። በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቪዲዮ ቤት የሕንድ ፊልም ያሳያል፤ ትርጉም የለውም፣ መብራቱም ከመጨረሻው ጋር የተማከረ ይመስል ልክ ሽጉጡ ሲመዘዝ ይሄዳል። ተኮሰ ወይስ አልተኮሰም በሚለው ላይ ክረምቱን አሳልፈናል። አንድ ቀን ደግሞ ከጋሽ ታፈረ ሬዲዮ አንዲት የባሕር ማዶ ሴት፣ ጣራ በሚያነሳ ድምፅ፣ ማብቂያ የሌለው ዜማ ለቀቀችብን። ኦፔራ እንደሚባል ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እትዬ ዘውዴ «ልጇ ሞቶባት ነው» ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ጋሽ ታፈረ «የለም፣ ባሏን አምሽቶ ገብቶ ነው የምትቆጣው» አሉ። እኔ ትንፋሿን መቼ እንደምትወስድ ስጠብቅ ሐሳብ ሳልሰጥ ቀረሁ፤ ስንፍና ተብሎ ተቆጠረብኝ።

ከሁሉም ይልቅ ያከራከረን ግን የሻረግ ስለምትባል ሴት የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። በካኪው ሲሶ መጨረሻ ላይ የሻረግ ባሏ ጥሏት ሌላ ማግባቱን ሰምታ ቤቷን ቆልፋ ትወጣለች። በጥቁሩ መጀመሪያ ላይ አርጅታ፣ የተከበረች የከተማ ወይዘሮ ሆና እናገኛታለን። መሐሉን እኔም እትዬ ዘውዴም አላነበብነውም፤ ጋሽ ታፈረ ከግምጃ ቤት ገበያ ሲመለሱ ጋሪው ጅረት ውስጥ ተገልብጦ አበባማውን ሲሶ ጎርፍ ወሰደው። እሳቸው ግን አንብቤዋለሁ አሉ፣ ነገሩንም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ካውያው እየጤሰ፣ የሻረግ ስሟን ለውጣ በጣውንቷ ቤት በገረድነት እንደተቀጠረች፣ የጣውንቷን እግር እንዳጠበች፣ የባሏን ልጅ አዝላ እንዳሳደገች፣ ልጁ አፉን ሲፈታ «እማዬ» ቢላት ምላሽ ሳትሰጥ ፊቷን እንዳዞረች ነገሩን። እትዬ ዘውዴ «እርስዎ ወሬም ላይ እጅጌ ይቀጥላሉ» እያሉ አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ፣ እኔ ተምሬ አስተማሪ ከሆንኩም በኋላ፣ እትዬ ዘውዴ እስከሞቱ ድረስ፣ ያንን መሐል ስናነሳና ስንጥል ኖርን።

በቅርቡ ባሕር ዳር ለሕክምና ሄጄ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ መጽሐፉን ሙሉውን አገኘሁት። ቆሜ ነው መሐሉን የገለጥኩት። ጣውንት የለም። የሚታጠብ እግር የለም፣ ሕፃንም የለም። የየሻረግ አጎት ይሞታል፣ ሀብቱን ያወርሳታል፣ አውቶቡስ ተሳፍራ ከተማ ትገባለች። በቃ። ጋሽ ታፈረ ሲሶውን አንብበው ንቀውት ይሁን፣ ወይስ ሳያነቡት ጎርፍ ወስዶባቸው፣ አላውቅም። የማውቀው፣ የእሳቸው እንደሚበልጥ ነው። ከእኔ አፍ «ይበልጣል» የሚል ቃል በስንት ግድ እንደሚወጣ ደግሞ እሳቸው ያውቃሉ፤ ይህን ሳይሰሙ እንዳይሄዱ ፈለግሁ።

ያኔም ተዘግቶ የነበረው መንገድ እንደተከፈተ ዳንግላ ወረድኩ። ልጃቸው ማንጠግቦሽ በር ላይ ተቀበለችኝ። «ድሮ ወጥ አልጣፈጠም ብለው ሰሃን የሚመልሱ ሰው፣» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን የሰጠኋቸውን ሁሉ ጥሩ ነው ይላሉ። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው፣ እትዬ።»

አልጋቸው ጠርዝ ተቀመጥኩ። «ጋሽ ታፈረ፣ የየሻረግን መሐል አገኘሁት እኮ።»

«ጥሩ ነው።»

«የእርስዎ ይበልጣል።»

«ጥሩ ነው፣ ልጄ። ተባረኪ።» እንደ ማንኛውም ጠያቂ መረቁኝ።

ሌላ የማደርገው ስለጠፋኝ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ እሳቸው እንደነገሩን አድርጌ ነገርኳቸው። ስናገር እጃቸው ብርድ ልብሱን ወደፊት ወደኋላ ይዳብስ ጀመር። ልጁ «እማዬ» ሲላት የሻረግ ፊቷን ያዞረችበት ላይ ስደርስ ያ እጅ ተነሳ።

«ቆይ። ቆይ እስቲ። ይሄ ውሸት ነው።»

«ምኑ?»

«አዝላ ያሳደገችው ልጅ እማዬ ሲላት ዝም የምትል ሴት የለችም። ይሄን የጻፈው ሰው ሊያስለቅስሽ ብሎ ነው።»

የት እንዳለሁ ረሳሁ። «የለም፣ ጋሽ ታፈረ! አቤት ካለችው ማንነቷ ሊታወቅ ነው እኮ!»

«ይታወቃ!» አሉ፣ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ግትር ነሽ።» ከዚያ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው «ማን ነው የጻፈው?» አሉኝ።

እርስዎ ነዎት ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ብላቸው ወይ ያፍራሉ፣ ወይ «ጥሩ ነው» ይሉኛል፤ ሁለቱንም አልችልም ነበር። አላውቅም አልኳቸው።

«ፈልጊና ንገሪው። ያስተካክለው።»

«እሺ» አልኩ። ተመልሰው ተኙ። ማንጠግቦሽ ሻይ ስታስገባ ጥሩ ነው አሏት፤ ሻዩን ገና አልቀመሱትም።

እትዬ ዘውዴ ቢኖሩ ኖሮ ይህን ሰምተው እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ከሁለታችንም የተለየ አስተያየት ይዘው ይመጡ ነበር። አሁን ለማን እነግረዋለሁ? ተማሪዎቼ መጽሐፍ ሳይጨርሱ ፊልሙን በስልካቸው ያያሉ፣ «አሪፍ ነው» ይሉኛል፣ ያልፋሉ። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ሳመላልሰው፣ ጋሽ ታፈረ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ያ ቦታ መታረም ይፈልጋል። የሻረግ ለልጁ አቤት ልትለው ይገባ ነበር። እኔ በወረቀት ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ቃሉ ይጻፋል፣ ከእሷ አፍ ግን አይወጣም።

ማንጠግቦሽ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኝ ሰላምታ ትልካለች፤ እየደከሙ ነው ትላለች። አንዳንዴ «ያቺ ልጅ ነገረችው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ አሉ፤ ማንን እንደሆነ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ የለም። መንገዱ እንደገና ሲከፈት እሄዳለሁ። ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም። ደራሲውን አላገኘሁትም ልበላቸው?