የአሶሳ ገንፎ ብላችሁ ስትፈልጉ

እናቴ ከመንጌ አሶሳ የገባችው ክልሉ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ ከሰው ቢሮ ይበዛ ነበር። ትናንት የወረዳ ጸሐፊ የነበረው ዛሬ ኃላፊ ተብሎ ይመጣል፣ ኃላፊውም አልጋና እራት ይፈልጋል። እናቴ ለእነዚህ ሰዎች ማብሰል የጀመረችው ጥቂት አልጋ ባለው የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። እሷ ስታገነፋ ጭቃው ግንብ ሆነ፣ ሣሩ ቆርቆሮ ሆነ፣ በሩ ላይ «ፔንሲዮን» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። የቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ በዚያ ሁሉ ዘመን ለእናቴ የጨመረችላት ነገር ቢኖር የድስቱን መጠን ነው።

ገንፎው የማሽላ ነው፤ ከባሚያ ወጥ ጋር ይቀርባል። እኛ ቤርታዎች በየቤታችን የምንበላው ተራ ምግብ ነው፣ ግን የእናቴ ገንፎ ጉጉል አያውቅም። የግድቡ ሥራ ከተጀመረ በኋላ በአውሮፕላን አሶሳ የሚያርፉ መሐንዲሶች ወደ ጉባ ከመውረዳቸው በፊት እዚያ ያድሩ ነበር። ሲመለሱም አልጋው እየቆረቆራቸው ለገንፎው ሲሉ ያድራሉ።

ከዚያ የባለቤትየዋ የእህት ልጅ ኮምፒውተር ተምሮ ከአዲስ አበባ መጣ። ይህን የማውቀው ከእንግዳ ተቀባይዋ ነው። የሰፋሪ ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ እስከ ዛሬ በወላጆቿ ወሎኛ የምታወራ። ልጁ ለፔንሲዮኑ ድረ ገጽ ሠራና ሰው ስለ አሶሳ ሲፈልግ መጀመሪያ እነሱ እንዲወጡ በአጭር ጊዜ አደርጋለሁ ብሎ ፎከረ። አጭር መንገዶቹንም ለአክስቱ እንደ ዳዊት ደገመላት። ርዕሱ ላይ እኛ የምንወደውን ሳይሆን ሰው የሚጽፈውን ቃል አድርጉ። ፎቶውን አቅልሉት፣ እዚህ አገር ኔትወርክ ከባድ ነገር አይሸከምም። ቶሎ ቶሎ አዲስ ነገር ለጥፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሎች ገጾች ወደ እናንተ እንዲጠቁሙ አድርጉ። ሁለተኛ ገጽ ድረስ ሄዶ የሚያይ ሰው የለም፣ መጀመሪያ ካልወጣችሁ እንደሌላችሁ ቁጠሩት።

ምክሩ ውሸት አልነበረም። ሰው የሚጽፈውን ሲያይ ግን የፔንሲዮኑን ስም የሚጽፍ አንድም አልነበረም፤ የሚጽፉት «የአሶሳ ገንፎ» ብለው ነው። ባለቤትየዋ ሰማይ የተደፋባት ያህል አኮረፈች። ቢሆንም የእናቴ ፎቶ ማማሰያዋን እንደያዘች፣ እየሳቀች፣ ድረ ገጹ ግንባር ላይ ተለጠፈ። ማንም አላስፈቀዳትም። ገጹ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ እናቴም ወጥ ቤት ውስጥ ጭስ እየጠጣች ቀጠለች።

አያቴ መንጌ ነበረች፤ እርጅና ተጭኗት፣ አይኗን ሞራ ጋርዶት። ታመመች የሚል ወሬ ሲመጣ እናቴ ፈቃድ ጠየቀች። «እንግዳ ሞልቶ የት ትሄጃለሽ? እናትሽ እንደሆነች ሁልጊዜ እንደታመመች ናት» አለቻት ባለቤትየዋ። እናቴ ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ሄደች። አያቴ ተሽሏት እናቴ ስትመለስ ሽርጡን ሌላ ሴት ታጥቃዋለች። እናቴ አልለመነችም። ከመናኸሪያው ጀርባ ቆርቆሮ አቁማ ገንፎዋን መሸጥ ጀመረች።

የአዲሷ ገንፎ ጓጎለ። እንግዶቹም «ያቺ ሴትዮ የት ሄደች?» እያሉ ይነዘንዙ ጀመር። እንግዳ ተቀባይዋ መናኸሪያ ጀርባ ናት እያለች ስትልካቸው ተይዛ ተሰደበች። ድረ ገጹም መውረድ ጀመረ። ልጁ ሰው የሚቀባበለው አዲስ ነገር ያስፈልገናል አለ፤ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚቀባበለው ሐዘን ነው። ስለዚህ እናቴ በድንገት ታማ አረፈች ብሎ ጻፈ። የአሶሳ እናት፣ የደጎች ደግ፣ የቤታችን ምሰሶ ነበረች አለ። እንግዳ ተቀባይዋ «ኧረ በአላህ፣ ሴትዮዋ ደህና አይደለች እንዴ!» ብትል ባለቤትየዋ ምን እንዳለቻት አልረሳውም።

«ታዲያ ምን አለበት? እሷ እንደሆነ አታነብም።»

ሐዘኑ ሠራ። አንድ ጊዜ የበላ ሁሉ ተቀባበለው፣ የጉዞ ገጾች ወደ እነሱ ጠቆሙ፣ ፔንሲዮኑም አንደኛ ወጣ። ባለቤትየዋ በግ አረደች፣ እሱንም እንግዳ ተቀባይዋ ናት የነገረችኝ።

እኔ በዚያ ጊዜ ግድቡ ላይ ኬብል እስብ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ የአዲስ አበባ ኤሌክትሪሺያን ለፈቃዱ ማረፊያ ሲፈልግ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና «ውይ፣ ያቺ የገንፎዋ ሴት ሞታለች፣ ነፍስ ይማር» አለኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም። ፎቶዋ እየሳቀ ነበር። ደወልኩላት፣ ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። አሶሳ መብራት ጠፍቶ ባትሪዋ ማለቁን በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ለአገር መብራት ኬብል ስጎትት እናቴ ስልኳን የምትሰካበት አጥታ ነበር።

እንዳባረሯት አውቃለሁ፣ ራሷ ነግራኛለች። ያመንኳቸውም ለዚህ ነው። እነዚያ ሰዎች በሕይወት ያለን ሰው እንደዚያ አያመሰግኑም።

መንገዱ አሶሳ ከመድረሱ በፊት መንጌን ያልፋል። ከመኪና ስወርድ አጎቶቼ ፊቴን አይተው ቆሙ። «ማን ነገረህ?» አሉኝ። በስልክ ተጽፎ ከነፎቶዋ አየሁት አልኳቸው። «የጻፈውስ?» ሲሉኝ ስትሠራበት የኖረችው ቤት ነው አልኩ። ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ዕድሜዋን የጨረሰችበት ቤት ካላወቀ ማን ያውቃል።

ለአያቴ መርዶው በሥርዓቱ ተነገራት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሼኹና ሽማግሌዎቹ ገብተው ከበቧት፣ በመጀመሪያ ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ ቀስ ብለው ስለ አላህ ፍርድ አወሩ፣ ከዚያ ነገሯት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አልጮኸችም። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ «እሷ እኔን ልትቀብር ነበር እኮ» አለች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ዳግም እንዳልሰማ እስከ ዛሬ እጸልያለሁ።

አጎቶቼ ጀለቢያቸውን ለብሰው በጭነት መኪና ተከተሉኝ። በቀጥታ የሄድነው ወደ ፔንሲዮኑ ነው፣ የት እንደተቀበረች የሚያውቁት የጻፉት ናቸው ብለን። እንግዳ ተቀባይዋ እያለቀስን ስንገባ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር! እናትህ ደህና ናት! ዛሬ ጠዋት ዱቄት ተሸክማ አይቻታለሁ!»

ወደ መናኸሪያው ሮጥን። እናቴ ጎንበስ ብላ ታማስል ነበር። ቀና ብላ እኔን፣ ወንድሞቿን፣ ያበጡ ዓይኖቻችንን አየች። ማማሰያውን ጣለችና ደረቷን እየመታች «እናቴን! እናቴን!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። እኛ እሷን ልናለቅስ መጥተን እሷ አያቴን አለቀሰች። እናትሽ ደህና ናት፣ የሞትሽው አንቺ ነሽ ብሎ ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ ላልደረሰበት ሰው አልነግርም። መጨረሻ ላይ ገባት፤ ገንፎው ግን አሮ ነበር።

ፊቷን ታጥባ ወደ ፔንሲዮኑ መራችን። አማርኛዋ አጭር ነው።

«አንተ እኔ ሞተ ብሎ ጻፈ» አለቻት ባለቤትየዋን። «አሁን እኔ አለ ብሎ ጻፍ። ወላሂ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ምን ጎደለብሽ?» አለች ባለቤትየዋ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ። «በእግርሽ ቆመሽ እየሄድሽ አይደል? ስምሽን አገር ሁሉ አወቀው፣ ማመስገን ሲገባሽ!»

ልጁ ደግሞ እንደ ሐኪም ተረጋግቶ አስረዳን። አንዴ አንደኛ የወጣ ገጽ አይነካም። የጠቆሙን ገጾች ሁሉ የሚጠቁሙት ወደዚያ ነው፣ ከነቀልነው እንወርዳለን። አንገትጌውን ያዝኩት። አጎቶቼ ባያላቅቁኝ ኖሮ የት እንደምታሰር አላውቅም። ልጁ ኮሌታውን እያስተካከለ፣ ለብቻው ሌላ ማስተካከያ እጽፋለሁ አለ።

ጻፈው። ፎቶ የሌለው አጭር ነገር ነው፤ በሕይወት አለች ይላል። ማንም አልተቀባበለውም። የሞቷ ወሬ አንደኛ ላይ ቀረ፣ መኖሯ ሁለተኛ ገጽ ላይ ወጣ። እዚያ ድረስ የሚሄድ ሰው እንደሌለ ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮዋ ሥር የሚገቡ እንግዶች «የሟቿን ስም ይዘሽ ትነግጃለሽ፣ አታፍሪም?» ይሏት ጀመር። እናቴ ሳህኑን ታቀርብላቸዋለች።

ይህን ሁሉ እናቴ ቻለችው። ያልቻለችው የመንጌውን ነው።

በሳምንቱ ይዣት ሄድኩ። አጎቶቼ ቀድመው ለአያቴ ልጅሽ አለች፣ ስህተት ነበር ብለዋት ነበር። አያቴ ልታጽናኑኝ ነው አለች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ስትይዛት በማያይ ዓይኗ አፍጥጣ አዳመጠቻት። የእናቴ ድምፅ ርቃ ካገባችው ታናሽ እህቷ ድምፅ ጋር አንድ ነው።

«ታናሽየዋ ነሽ» አለች በቋንቋችን። «እኔን ብለሽ መጣሽ፣ የኔ ልጅ።»

«እማ፣ እኔ ነኝ። አልሞትኩም።»

«ሼኹ ራሱ እዚህ ተቀምጦ ነው የነገረኝ። ሽማግሌዎቹ በሞት ሊቀልዱብኝ ነው? ተይ፣ እንዲህ አትበዪኝ።»

ሼኹን ጠራነው። መጥቶ ተሳስተን ነበር አላት። አዘነችለት እንጂ አላመነችውም፤ ሰው ሁሉ ለእሷ ሲል መዋሸት ጀምሯል ብላ ነበር የምታስበው። መጀመሪያ የተነገራት በሥርዓቱ ተነግሯታል፣ ከእሱ በኋላ የመጣ ሁሉ ማባበያ ነው።

ከዚያ በኋላ እናቴ በየወሩ መንጌ ትሄድ ነበር። ገንፎ አገንፍታ ታጎርሳታለች። አያቴ ቀስ ብላ ትውጥና ወደ እናቴ ዞራ ታጫውታታለች። «እጅሽ ጥሩ ነው። የእህትሽን ግን አያህልም። እሷ ስታገነፋ ጉጉል የሚባል አልነበረም፣ አላህ ይዘንላት።»

እናቴ በሚቀጥለው ጉርሻ ላይ ባሚያውን እያደረገች «አሚን» ትላታለች።