ወተት የሸተተ እጅ

ትናንት የልጅ ልጄ ከጎረቤት መጥታ እጇን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «እማማ፣ የወተት ሽታ ጾም ይሽራል እንዴ?» ትኩስ የላም ወተት ሸተተኝ፤ በዚያው ቅጽበት ባደግሁበት ሐይቅ ዳር ያለሁ የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔም ዐቢይ ጾም ነበር። ልቆርብ ማልጄ ስወጣ የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ላም ትጮሃለች። እትዬ ዘይነባ አራስ ናት፤ ባሏ ውጫሌ ገበያ አድሮ አልተመለሰም፤ ትልቋ ልጇ ርቧት ታለቅሳለች። ገባ ብዬ አለብኩላቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ።

እዚያ ስደርስ ሊቆርቡ ከተሰለፉት ልጆች አንዷ አሸተተችኝ። «ኧረ ይቺ ገድፋለች! ወተት ወተት ትሸታለች!» ሁሉም ሳቁብኝ። ዛሬ ሳልቆርብ መመለሴ ነው ብዬ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩ።

የንስሐ አባታችን ጠሩኝ። «ቀምሰሻል?»

«አልቀመስኩም አባ። ለእትዬ ዘይነባ ልጅ ነው ያለብኩት።»

እጄን ይዘው አሸተቱትና ወደ ልጆቹ ዞሩ። «አፏ ጾሟል፤ እጇ ደግሞ ከኛ ቀድሞ ቀድሷል» አሉ። እጅ እንዴት እንደሚቀድስ አልገባኝም። ብቻ ከልጆቹ ሁሉ ፊት አቁመውኝ ቆረብኩ፤ እንደዚያን ቀን ቀና ብዬ ወደ ቤቴ የሄድኩበት ቀን የለም።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቅዱስ መጽሐፉንም ሲነበብ ሰምቼ ነው የማውቀው። የልጅ ልጄን ግን «ለማን ነው ያለብሽው?» አልኳት።

«ለነሐሊማ። እናታቸውን አሟቸው ተኝተዋል።»

እጇን ሳምኩት። «እንግዲያስ አትታጠቢው። እንዲሁ ይዘሽው ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን።»