የወንድሜ አፕል

እናቴ ቤት የዶሮዎቹ ቆጥ ላይ የተጋደመች አንዲት እንጨት አለች። ክንዴን አታህልም። ቅርፊቷ ከተላጠ ዘመን ሆኖታል፤ ዶሮ ሲቆምባት ሲወርድባት ለስልሳለች። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ቆጡ ገባሁና እጄን አሳረፍኩባት። ደክሞኝ ነበር። እዚያው ኩሱ መሃል ቁጢጥ አልኩ።

አባቴ የጎጃም ሰው ነበር። በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ሰቆጣ መጣ፣ መዝገብ ቤት ገባ፣ እናቴን አገባ፣ በዚያው ቀረ። አገሩን የሚያነሣው ስለ ዛፍ ሲያወራ ብቻ ነበር። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ከአንድ የግብርና ባለሙያ ወዳጁ ሁለት የአፕል ችግኝ ተቀብሎ መጣ። አንዱን እሱ፣ አንዱን ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ታቅፈው በጭቃው ሲገቡ እናቴ «ደግሞ ይኼ ምን ይቀለባል?» አለች፣ ከብት የመጣባት ይመስል። ጓሮ፣ ጌሾው አጠገብ፣ ጎን ለጎን ተተከሉ። አንዱ የሲሳይ፣ አንዱ የእኔ ተባለ። እኛ ቤት ዶሮም ቢሆን ባለቤት ነበረው።

ልጅ እያለሁ ታኅሣሥ ሲመጣ ከሁሉ የምወደው ሥራ የአፕል ቅጠል ማራገፍ ነበር። የሰቆጣ ብርድ ብቻውን ቅጠሉን ስለማይጥለው በእጃችን አንድ በአንድ እንለቅመዋለን። አባቴ «ካላስተኛችሁት አያብብም» ይለናል። ጣቶቻችን አረንጓዴ ሆነው እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይሸታሉ። እኔ ለዛፌ እሽሩሩ እልለት ነበር። ሲሳይ ይስቅብኛል፤ የማልደርስበትን የላይኛውን ቅርንጫፍ የሚያራግፍልኝ ግን እሱ ነው። ውኃውንም ከቦኖ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ያ ውኃ መጀመሪያ እህል ይታጠብበታል፣ ቀጥሎ እግር ይታጠብበታል፣ መጨረሻ ላይ ለዛፎቹ ይደርሳል።

በአራተኛው ዓመት የእኔ ዛፍ አፈራ። አሥራ አንድ ፍሬ! አንዱ ለንስሐ አባታችን ተላከ፤ የቀረውን እናቴ በቢላዋ እየሰነጠቀች ለጎረቤቱ ሁሉ አቀመሰች። ቤታችን ለሳምንት ያህል አፕል አፕል ሸተተ። የሲሳይ ዛፍ አበባውን አብቦ፣ የያዘው ፍሬ ሽምብራ ሳያክል ረገፈ። እኔ ደግሞ ጉረኛ ነበርኩ። «ያንተ መካን ነው» እለዋለሁ። እሱ ውኃውን ለሁለቱም እኩል ያካፍላል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ዝናቡ ቀረ። ቦኖው በሳምንት አንዴ ከመጣ ተመስገን ነበር። እናቴ ባዶ ባልዲ ገልብጣ እያሳየች ለሁለቱ ዛፍ የሚሆን ውኃ ከየትም እንደማይመጣ ተናገረች። ሲሳይ አልነበረም፤ የታመመች አክስታችንን ሊያግዝ ፃግብጂ ሄዷል። አባቴ «ልጁ ይምጣና እንነጋገር» አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የእኔ እየደረቀ ነው፣ የማያፈራው ይቆረጥ ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባቴ የእኔን ልቅሶ አይችልም። መጥረቢያውን አነሣ። ግንዱን እናቴ ለቆጥ አደረገችው።

ሲሳይ በሳምንቱ ተመለሰ። ጉቶውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። የሚመታኝ መስሎኝ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ገባሁ። እሱ ግን ጀሪካኑን አንሥቶ ወጣ፤ ሲመለስ የያዘውን ውኃ ለእኔ ዛፍ አጠጣው።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ መጣ፣ ዛፌም በየካቲት ነጭ ለብሶ አበበ። አንድም ፍሬ አልያዘም። ሳለቅስ ሲሳይ ጎኔ ተቀምጦ «ውርጭ ነው፣ እታለም። ውርጭ መታው» አለኝ። በሚቀጥለውም ዓመት ውርጭ ነው አለኝ። ውርጭ ባልነበረበት ዓመት እንኳ ውርጭ ነው። አመንኩት።

አባቴ ሲሞት ሲሳይ አሥረኛ ክፍል ነበር። ትምህርቱን ትቶ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወረደ። እሱ በሚልክልን እኔ ኮሌጅ ገባሁ፣ መምህር ሆንኩ። እሱ እዚያው በሙቀቱ ቀረ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ግቢ ችግኝ ሊያስተክል አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ መጣ። የእኔን ዛፍ ነገር አጫወትኩት። ብዙም ሳያስብ «ብቻውን ነው እንዴ? አፕል እኮ ብቻውን አያፈራም፤ ሌላ ዓይነት አፕል አጠገቡ ይፈልጋል፣ ንብ የአበባውን ብናኝ ካንዱ ወዳንዱ እንድታመላልስ» አለኝ። ያን ቀን ነው ቆጡ ውስጥ የገባሁት።

ሲሳይ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። «ችግኙን ስንቀበል ሰውየው ‹እንዳትለያዩዋቸው› ብሎ የነገረው ለእኔ ነው። አባዬ ከሰው ጋር ወሬ ይዞ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ተቆርጦ ደረስኩ። ሌላ ችግኝ ልለምን ብሄድ ሰውየው ተዛውሯል። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ነግሬሽ ምን ልትሆኚ?»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አፈርኩም።

ከወጣቱ ባለሙያ አንድ ችግኝ ለምኜ ጉቶው በነበረበት ቦታ ተከልኩ። ልጅ ሳለሁም ውኃ አልነበረም፤ ግን የሚሸከምልኝ ወንድም ነበረኝ። ዛሬ የተማሪ ደብተር አርሜ፣ የእናቴን መድኃኒት ሰጥቼ፣ ቦኖ ላይ ተሰልፌ የማገኘውን ለሁለቱ ዛፍ አካፍላለሁ። ወገቤን ያመኛል። አዲሱ እስኪያብብ ዓመታት አሉ። እኔም እንደ ድሮው እየዘለልኩ አልጠብቅም፤ ዝም ብዬ አጠጣለሁ።

በዚህ የካቲት አሮጌው ዛፍ እንደ ልማዱ አበበና ረገፈ። ሲሳይ ደወለ፣ የእናቴን ጤና ጠየቀ፣ ከዚያ ስለ ዛፉ ጠየቀኝ። ረግፏል አልኩት።

«ውርጭ ነው፣ እታለም» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ዘንድሮ ውርጩ ከባድ ነበር።»