ከግራም ከቀኝም አርባ ሦስት

ኒውላንድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ከማንጎው ሥር ያለው ጠረጴዛ የእኔና የባልደረባዬ ነበር። ሁለታችንም የሒሳብ መምህራን ነን፤ እሱ ኢታንግ ተወልዶ ባሮ ዳር ያደገ፣ እኔ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ። ሌላው ሰው ከሥራ በኋላ ካርታ ይጫወታል፤ እኛ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ አራት ሳጥን በተርታ እንስልና እንቆጥራለን።

በሳጥኖቹ ውስጥ ሁለት፣ ሦስት፣ አንድ፣ አራት ጻፍን እንበል። አንድ ሳጥን ለብቻው ከተቀባ የተጻፈበትን ቁጥር ያህል የቀለም ምርጫ አለው፤ ከጎረቤቱ ጋር ከተጣመረ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ነጭ ይለብሳሉ፣ ምርጫ የላቸውም። ተርታው በስንት መንገድ ይሞላል? በአርባ ሦስት። ክፍልፋይ በክፍልፋይ ውስጥ እየተሰካ የሚወርደው ቀጣይ ክፍልፋይ በእነዚሁ ቁጥሮች ቢሠራና ቢጠቀለል፣ ከላይ የሚቀመጠው ቁጥር ይኸው ነው።

አንድ በአንድ አንቆጥርም። ከጫፍ ተነስተን እናባዛለን፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ የነበረውን መልስ እንደምራለን። እኔ ከግራዬ እጀምራለሁ። እሱ ፊት ለፊቴ ስለሚቀመጥ የእሱ ግራ የእኔ ቀኝ ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ ይመጣል። ተርታው ቢገለበጥ የመሙያው መንገድ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ስለዚህ መልሳችን አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ጭቅጭቅ ነው። የእኔን ሥራ ሳያይ እንኳ «አንተ ነህ የተሳሳትከው!» ይለኛል። እኔም አልምረውም።

ከዚያ የትምህርት ዕድል አገኘና ወደ ደጋ ሄደ። ያገሩ ልጅ ሄዶ እንግዳው ቀረሁ። ሌላ ጓደኛ አላፈራሁም፤ ጠባዬም አያግዝም። አልፎ አልፎ ይደውላል።

«መምህር፣ ያገርህ ብርድ ሊገድለኝ ነው።»

አንድ ቀን ቁጥሮች ነገርኩትና «በል፣ ከወዲያ ጀምር» አልኩት። ሳቀ። «አሁን እኮ ኮምፒውተር ነው የሚሠራልኝ» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ከፋኝ፤ በጣም ከፋኝ።

አሁን ብቻዬን ነው የምሠራው። የራሴን ከጨረስኩ በኋላ ተነስቼ በእሱ ወንበር እቀመጥና ከወዲያኛው ጫፍ እመጣለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ይስማማል። መስማማቱ ሰለቸኝ።

በቀደም ያችኑ የጥንቷን ተርታ ሠራኋት። ከእኔ በኩል አርባ ሦስት፣ ከእሱ በኩል አርባ ሁለት መጣ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። «አንተ ነህ የተሳሳትከው!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ስል ከፊቴ ያለው የራሴ ወንበር ነው።

«ምን አሉኝ መምህር?» አለች ባለሻይ ቤቷ።

«ምንም» አልኳት።

ስህተቱን ፈለግሁት። አምስት መደመር ሲገባኝ አራት ደምሬያለሁ። በእሱ በኩል ነው። እሱ ቢሆን እዚያች ላይ አይሳሳትም ነበር።