የልጆቹ ጥርስ ያንቺ ነው

የበደለኝ የአክስቴ ባል ነው፤ ዲላ እነሱ ቤት ተቀምጬ ዘጠነኛ ክፍል በተማርኩበት ዓመት። ስሙን አልጠራም፤ ጋሼ ነበር የምለው። የጥርስ ሳሙና በሸተተኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ዛሬ ጠዋት እንኳ የልጄ ልጆች ቧንቧው ሥር ተደርድረው አረፋቸውን ሲተፉ፣ ያ ቀዝቃዛ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ልጄ፣ "እማዬ፣ አንቺ ካልቆምሽባቸው እኮ ውኃ ብቻ አስነክተው ነው የሚሮጡት" ትለኛለች። እቆማለሁ። መቆሙን ያኔ ለምጄዋለሁ።

ያደግሁት ከይርጋጨፌ አለፍ ብሎ ሬኮ የሚባል ገጠር ነው። እኛ ዘንድ ጥርስ የሚጸዳው በመፋቂያ ነበር፤ ብሩሽ የያዝኩት ዲላ ገብቼ ነው። አክስቴ በመጣሁ ዕለት፣ "እኔ ሱቅ ነው የምውለው። የልጆቹ ጥርስ ያንቺ ነው። ማታ ሳይቦርሹ እንዳይተኙ" አለችኝ። እንጀራዬ ይኸው ሥራ ነበር። እሱ ከቀረ ትምህርቱም ይቀራል፤ እኔ ደግሞ ከክፍሌ ልጆች ቀዳሚ ነበርኩ።

ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት። ታላቋ ራሷን ትችላለች። ትንሿ ግን ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ብሩሹን እንደ ሸንኮራ እያኘከች ሳሙናውን ትውጠዋለች። ከእራት በኋላ በረንዳው ላይ ሳፋ አስቀምጬ፣ በጉልበቶቼ መካከል አቆማትና አገጯን እይዛለሁ። "የጅብ አፍ!" ስላት እስከ ጉሮሮዋ ትከፍተዋለች። "የድመት!" ስላት ጥርሶቿን ገጥማ ታሳየኛለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ እኛ እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቤት የሳቅኩት እዚያች ሳፋ አጠገብ ብቻ ነው።

ጋሼ የጭነት መኪና ነበረው። በለቀማ ወቅት ይርጋጨፌና ሬኮ እሸት ቡና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲያመላልስ ውሎ፣ ልጆቹ ነቅተው ሳሉ ደርሶ አያውቅም። የእሸት ቡናው ጎምዛዛ ሽታ ቀድሞት በር ይገባል። ጫማውን አውልቆ፣ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወደ አልጋቸው ይሄድና ከረሜላ ልጦ በተኛችው በትንሿ አፍ ውስጥ ያደርግላታል። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ ወደ ጉንጯ ትወስደዋለች።

መጀመሪያ ያየሁት ዕለት፣ "ኧረ ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው ያስቦረሽኳት" አልኩት።

"ቀስ በይ፣ እናቷ ትሰማለች" ብሎ ሳቀ። "ስመጣ ተኝታ፣ ስሄድ ተኝታ። አፏ ካልጣፈጣት አባቷ ቤት ማደሩን በምን ታውቀዋለች?"

ምን እላለሁ? ጠዋት ስትነሳ ምላሷን ጉንጯ ውስጥ አዙራ፣ "አባባ መጥቶ ነበር!" ትላለች፤ ፊቷ ይበራል። ሰው ቤት ያለች ልጅ ደግሞ ባልና ሚስት መካከል አትገባም። ዛሬም ቢሆን በከረሜላው አልፈርድበትም። የምፈርድበት በሌላ ነው።

ለቀማው ሊያልቅ ሲል ትንሿ ጉንጯ አብጦ ስታለቅስ አነጋች። ክሊኒክ ወሰዷትና የመንጋጋ ጥርሶቿ ተነቅለው፣ ደም የነካው ጥጥ ነክሳ ተመለሰች። አክስቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ያዘችኝ።

"ምን ነበር ያልኩሽ? አንዲት ሥራ! አንዲት ሥራ አቃተሽ?"

"በየማታው አስቦርሻታለሁ፣ አክስቴ።"

"ታዲያ ጥርሷን ምን በላው? አይጥ?"

ጋሼን አየሁት። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። ትንሿ ጀርባው ላይ ተለጥፋ ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛዋለች። እስኪናገር ጠበቅሁት። ክሩን አስሮ ሲጨርስ ትንሿን አቅፎ ወደ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ወደ ሬኮ የመለሰኝም እሱው ነው፣ በራሱ መኪና፤ የዓመቱ ፈተና ሳይደርስ። ይርጋጨፌን አለፍን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰቱ ጭጋግ ለብሶ ነበር። መሪውን እንደያዘ፣ "የአክስትሽን አፍ ታውቂው የለ? ጥፋቱ በኔ ከመጣ ዕድሜ ልኬን ነው የምሰማው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ባንቺ ይረሳል" አለኝ።

አልተረሳም።

በተከታዩ ዓመት ይርጋጨፌ ሰው ቤት እየሠራሁ ዘጠነኛን እንደገና ጀመርኩ። ጋሼ እስኪሞት ድረስ አክስቴ ቤት አልረገጥኩም። ለቅሶው ላይ ትንሿ፣ የልጆች እናት ሆና፣ ድንኳኑ ውስጥ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ያኔ ለምንድነው ጥለሽን የሄድሽው? አባባን በጠየቅሁት ቁጥር ወሬ ይቀይርብኝ ነበር።"

አባቷ የተቀበረው የዚያኑ ዕለት ነበር።

"ትምህርቱ ከብዶኝ ነው" አልኳት። ሠልስቱን ቆይቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።